አምስት ኢንች

በካውንቲው መናፈሻ ቢሮ፣ ከሐይቁ ወዲህ፣ ከጥዱ ጥግ፣
ማህተም መቺዋ እኔ ነኝ፤ የሣር ጠበቃ፣ የአፈር ሕግ።
ብረት ጠቋሚውን አንግቦ፣ ማዳመጫውን አንገቱ አስገብቶ፣
ቆፋሪ ሁሉ ይመጣል፣ ስድስት ዶላሩን አውጥቶ።
እኔም አነብለታለሁ፣ ዓይኔን ከገጹ ሳልነቅል፣
ሃያ ስድስት ዓመት ያነበብኩትን፣ ቃል ሳልጨምር፣ ሳልነጥል፦

ጉድጓዱ ከስድስት ኢንች አይለፍ።
አካፋና ዶማ ክልክል ነው፤ የእጅ መኮትኮቻ ይበቃል።
ሣሩን እንደ ክዳን ግለጠው፤ ስትጨርስ እንደ ክዳን ግጠመው።
ከኳስ ሜዳው ራቅ፤ ከዛፍ ሥር ራቅ።
ስም ያለበት ነገር ለባለስሙ ይመለሳል።
ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሁሉ የካውንቲው ነው።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ፤
«እኔንም ውረሱኛ እንግዲህ!» ይላሉ።
ማህተሜን አሳርፋለሁ። ይሄዳሉ።

የሚያወጡት ያው ነው፤ ቆርኪ፣ የድንኳን ካስማ፣
የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የዓሣ መንጠቆ።
አንድ ጊዜ የወርቅ ጥርስ መጣ፤ መደርደሪያዬ ላይ ከረመ፤
ባለቤቱ አፉን ከፍቶ «የኔ ነው» አላለም።

ዌንዴል ሽሚትኬ ግን ሌላ ነበር። ጡረተኛ የአውቶቡስ መካኒክ፣
ግራሶ ከጥፍሩ ሥር የማይለቅ።
ሚያዝያ ላይ፣ ምድር ከበረዶ እስር ስትፈታ፣
በየዓመቱ ይመጣል፣ አንዲት ቦታ ሊለምን በዝግታ፦
«ከድሮው ዥዋዥዌ ጎን፣ ከባሉጡ ሥር።»
«ከዛፍ ሥር አይቆፈርም» እላለሁ።
«እኔ ሳውቀው ችግኝ ነበር። አፈር ስሆን።»
«የተከለከለው እኮ አፈሩ ነው» እላለሁ፤ እስቃለሁ ብቻዬን።
እሱ አይስቅም።

አምስት ሚያዝያ እንዲህ አለፈ።
ባለፈው መስከረም ከሐይቁ የተነሣ ነፋስ
ባሉጡን ከነሥሩ ገንድሶ ጣለው።
ጠዋት ቢሮ ስከፍት ዌንዴል ደጃፉ ላይ ቆሟል፣ ዶላሩን ጨብጦ።
ዛፍ በሌለበት የዛፍ ደንብ የለም፤
መታሁለት።

ሳይመሽ ተመለሰ። መሐረቡን ጠረጴዛዬ ላይ ፈታ፦
የልጅ መጫወቻ፣ የጭነት መኪና፣ ጎማ አልባ፣
ሆዷ ላይ በምስማር የተጫረ ሁለት ፊደል ይታያል አሁንም፤
ዝገት ዙሪያዋን በልቷታል፤ ስሙን ግን አልደፈረም።

ቅጽ አራትን ሰጠሁት።
እኔ ያልጠየቅኩትን ሁሉ ወረቀቱ አፍጥጦ ጠየቀው።

ጥልቀት፦ አምስት ኢንች። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ክንዴ ከዚያ አላለፈም።
ዕድሜ፦ ስልሳ አራት ዓመት።
ባለቤት፦ ሮላንድ ሽሚትኬ፣ ታላቅ ወንድሜ።
ባለቤቱን እንዴት አወቁ?
እዚህ ጋ ብዕሩ ቆመ። የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ሰማሁት።
የቀበርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያም በአፉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመኪናዋ፦
«ኦዲ ነው የሰረቀው ተባለ። የጎረቤት ልጅ።
ሮላንድ ጥርሱን አወለቀው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።»

ደንቡን ገለጥኩ። ስም ያለበት ለባለስሙ ይላል፤
ሃምሳ ያለፈው ለካውንቲው ይላል፤
በተፋጠጡ ሁለት አንቀጾች መሐል አንድ ሽማግሌ ቆቡን ያሻል።
ስልሳ አራትን ሰረዝኩ። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቅጥፈት፣
በራሴ ብዕር፣ በራሴ ፊርማ፦ ዕድሜ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመት።

«ወንድምዎ ሩቅ ናቸው?»
«አሥራ አንድ ማይል። በገና እንገናኛለን፤ ስለ አየሩ እናወራለን።»
ስልኩን ገፋሁለት። ራሱን ነቀነቀ፤ «ተዪው፣ ሆድ ይፍጀው።»
«መሬት ስልሳ አራት ዓመት ይዞት» አልኩ፣ «ቆርቆሮውን እንኳ አልፈጀው።»

ሕጉ ሠላሳ ቀን ነው። በሃያ ዘጠነኛው
ያንኑ ጆሮ የያዘ ሌላ ሽማግሌ ገባ።
ማን እንደደወለ አልጠየቅኩም። ሳያነብ ፈረመ።
መኪናዋን ገልብጦ ፊደሎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤
«ጉድጓዱ የቱ ጋ ነው?» አለ።

ወጥተን ፈለግን። ከወደቀው ግንድ ጎን፣ ጤዛው ላይ፣ ብዙ ዞርን።
ሣሩ ገጥሟል፤ ስፌቱ አይታይም።
«ወንድምዎ» አልኩ፣ «ደንብ አክባሪ ናቸው።»
«ድሮም እንደዚያ ነው» አለ፤ «መድፈን ያውቅበታል።»