ደም መላሽ

ካርትያያኒ ገመድ ትገምዳለች፣
ቃጫዋን በጉያ፣ ወደ ኋላ እየሄደች።
አርባ ሁለት ዓመት፣ በአላፑዛ ቦይ ዳር፣
ፊቷን ለመዘውሩ፣ ጀርባዋን ለሀገር፤
ሰው ወደፊት ሲሮጥ ኑሮውን ፍለጋ
እሷ ወደ ኋላ፣ ሌሊቱ ሲነጋ።
በጉንጯ ሥር ያደረ ኖራ የነካው ቅጠል፣
ረሃብ አስታጋሽ፣ ድካም የሚያታልል።
ቀይ ምራቅ ትተፋለች ከቦዩ ዳርቻ፤
ደም አልነበረም ያኔ፣ የቅጠሉ ብቻ።

እኔ ሱሃራ ነኝ፤ መሣሪያ አቀብላለሁ፤
ሲቀደድ፣ ሲሰፋ፣ ቆሜ እቆጥራለሁ፣
መርፌውን፣ ጨርቁን፣ የገባ የወጣውን።
የዛሬ ሁለት ዓመት ግራ አንገቷን ከፍተን
እጢውን ነቀልነው ከነደም መላሹ።
“ቀኙ አለላት” አልን።
ቀኙም ዘንድሮ ከዳ፤
እጢው ሐረግ ሆኖ ዞረበት እንደ አሮጌ ዕዳ።

ዶክተር ኩሩቪላ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅላ
ብዙ ቆመች። ሻይዋ ቀዘቀዘ።
“ደም ቅዳው ይቀዳል፤ መቅዳት አይታክትም፤
መላሽ ያጣ ቤት ግን ጎርፉን አይችልም።
ፊቷ ያብጣል፣ ዓይኗ ይጋረዳል፤
ሰው በገዛ ራሱ እንዴት ይሰጥማል?”

በዋዜማው ማታ እግሯን ላጸዳ ሄድኩ።
“ከእግርሽ ደም ሥር ወስደን ለአንገትሽ...” አልኩና ተደናቀፍኩ።
“የትኛው እግሬ ነው?”
“ቀኙ።”
አየችው፣ እንደ አብሮ አደግ።
“ወደ ኋላ ስሄድ መጀመሪያ የሚረግጠው እሱ ነው።
ውሰዱት፤ መመለስ ያውቃል።”

ደም መላሽ ሲባል ጆሮ ቂም ይሰማል፤
ጥሻ ውስጥ ያደባ ጠመንጃ ይወለውላል።
እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ከእግር የመጣ እንግዳ ነው፣
ቀጭን፣ ገርጣ ያለ፣ ለአንገት የማይበቃ።

በቁመቱ ተተረተረ።
እንደ ጥብጣብ ተዘረጋ።
በቱቦ ላይ ዞሮ ዞሮ ተጠመጠመ፣
ጠርዙ ከጠርዙ ጋር፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር፣
ሁለት ሰዓት ሙሉ። ማንም አላወራ።
ቱቦው ሲመዘዝ ባዶ እጅጌ ቀረ፣
የአሻንጉሊት ቀሚስ እጅጌ የሚያህል።
ይህን ሥራ አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ፤
ከቦዩ ዳር አይቼዋለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ።

ከላይ ተሰፋ፣ ከታች ተሰፋ።
መቆንጠጫው ላላ።
እጅጌው ሰማያዊ ሆኖ ሞላ።
“ይፈሳል?”
“አይፈስም።”
“ጠብቂ።”
ጠበቅን። ጨርቄን ቆጠርኩ፤ አልጎደለም።

በሦስተኛው ቀን ፊቷ ፊቷን መሰለ።
ማዳመጫውን አንገቷ ላይ ሳሳርፍ
ሹሹታ ሰማሁ፣ ዝናብ በዘንባባ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ።
እጢውም መመለስ ያውቃል፤
ያንን ማንም አልካዳትም።

ጉሮሮዋ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ድምፅ የላትም።
በሰሌዳ ጻፈች፦ “ስንት ስንዝር ፈጀ?”
“ከእግርሽ ሁለት ስንዝር፤ አንገትሽ ላይ ሲደርስ አራት ጣት።”
ዓይኗን ጨፍና አሰላች፣
የሌላ ሰው ሥራ እንደሚመዝን ባለሙያ፣
እስክሪብቶውንም መልሳ አንሥታ
“ሲገመድ ያጥራል” ብላ ጻፈች፤
ከሥሩም፣ በትንሹ፣
“ክሩ ግን ጥሩ ነው።”