የቅዳሜ ውጤት፣ ለክፍል አሥራ አራት

እንግሊዞች «ሦስት» ሲሉ፣ በእኔ አቆጣጠር ዘጠኝ፤
ሬጃይና «ዘጠኝ» ስትል፣ ሦስት ላይ ሥራ አገኘኝ።
በነሐሴ ግን ጨዋታው በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤
እነሱ ሰዓት ያዞራሉ፣ ሳስካቸዋን መች ይሰማል!

ሚስተር ዋትሊ ዓይኑ ከጠፋ ዘንድሮ አራት ዓመቱ፤
አጃውን ማንኪያ ላይ አቁሞ፣ ወደ እኔ ዞሮ ፊቱ፣
«ስንት ለስንት ናቸው?» ይላል። እኔ ከስልኬ አነባለሁ፤
የማላውቀውን ከተማ ስም እየሰበርኩ እጠራለሁ።

ሃርንስቢ። የጨው ወደብ ነበር፤ ቅጽል ስማቸው ጨው ጫኝ፤
«አሞሌዎቹ» ብዬ አማርኛ ባለብሳቸው፣ ሳቀብኝ።
ሦስተኛው እርከን ላይ ናቸው፤ ሜዳቸው ከባሕሩ አጠገብ፣
ነፋሱ የበረኛውን ምት መልሶ ለራሱ የሚያቀርብ።

ነሐሴን በድል ጀመሩ። መስከረም ላይ አቻ፣ አቻ።
ጥቅምት አራት ሽንፈት፤ አራቱም በሜዳቸው ብቻ።
ኅዳር ሲገባ ሠንጠረዡን ከታች ወደ ላይ አነበብኩ፤
አጃው ሳይነካ ሲመለስ፣ ትሪውን እኔው ተሸከምኩ።

«ሦስት ኪሎ ቀነሰ» ብላ ማርጎ ስትጽፍ መዝገብ ላይ፣
በቀጣዩ ቅዳሜ ዋሸሁ፤ ማንስ ስልኬን ሊያይ።
ሦስት ለባዶ ተረትተው «ሁለት ለአንድ መራን» አልኩ፤
ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ጎል ከሆዴ እየፈበረኩ፣
«ፍጹም ቅጣት ምት!» እያልኩ፣ ዳኛ እየሾምኩ እየሻርኩ፣
የቀኝ ተከላካይ አስቆስዬ ወዲያው ደግሞ እያዳንኩ።
በላ። ሳህኑን ጠረገ። በአምስት ሳምንት አምስት ድል፤
በክፍል አሥራ አራት ሠንጠረዥ ወደ ላይ ለማደግ ትግል።

ጥር ላይ የጥሎ ማለፉ ዕጣ ከላይኛው ሊግ ጣለብን፤
አውቶቡሳቸው ብቻ ተሽጦ ስታዲየማችንን የሚገዛብን።
ውጭ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፤
መኪናው ሁሉ እንደ በቅሎ በኤሌክትሪክ ገመድ ታስሮ፣
መስኮቱም እንደ ሽማግሌው ዓይን ነጭ ሆኖ ታውሮ።
ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ። የማዕዘን ምት። ግርግር።
ተቀይሮ የገባው ፔንድል፣ በትከሻው፣ እንደ ነገር…

«ጎል!» ብዬ ጮህኩ። ትሪው ወደቀ። ሻዩ ምንጣፉን አራሰ።
ዋትሊ ፈገግ እንኳ አላለም፤ ብርድ ልብሱን ለበሰ።
«አስረስ» አለኝ፣ «ሰባ ዓመት ሲሸነፉ ሰምቻለሁ፤
የሚሸነፉበትን ቅዳሜ ከእግርህ ኮቴ አውቀዋለሁ።
ሮሜል ከወጥ ቤት መጥቶ ማታ ማታ ይነግረኛል፤
አጃውን የበላሁት ለአንተ ነው፤ ስትዋሽ ድምፅህ ያምራል።
ይሄ ግን በዛ። እነዚያን? አንድ ለባዶ? ተው አታሹፍ።»
ማልሁ። በአባቴ አጥንት ማልሁ፣ እንደ ተያዘ ሌባ ስለፈልፍ።
ማርጎም መጥታ መሰከረች። «ተማክራችሁ ነው» አላት።
የሰባ ዓመቱን ትልቅ ድል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛበት።

ማታ ሮሜል ሹክ አለው መሰለኝ፤
በነጋታው ስገባ፣ ምንም ቃል ሳይተነፍስልኝ
ሁለት ሳህን በላ።

በሚቀጥለው ዙር አምስት ለባዶ ወጣን። ነገርኩት፤ አምስቱንም።
«አየህ፣ ይቻላል» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ሚያዝያ ማብቂያ፣ የመጨረሻው ቀን፤ በረዶው ቀልጦ ጭቃ።
አንዲት ጎል ነበር የጎደለን፤ ፊሽካው ተነፋ፣ አበቃ።
«ስንት ለስንት?» አለኝ፤ እንፋሎቱ ከፊቱ እየተነሳ።
ጉሮሮዬ ላይ ሁለት ጎል ነበረ።
ዋጥኩት። «ወረድን» አልኩት፣ በለሆሳስ፣ ድምፄ ሳሳ።

ዝም አለ። ኮሪደሩ ላይ ጋሪ እየተንጫጫ አለፈ።
ከዚያ፣ እንደ ሰው የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚጠይቅ፦
«አራተኛው እርከን፣ ነሐሴ ላይ፣ በስንት ነው ማስጀመር ሱሱ?»
«በሁለት» አልኩት በእኔ ቁጥር፤ «በስምንት» አለ በራሱ።
ሁለታችንም ልክ ነበርን። እጆቹ ማንኪያ ሲዳስሱ፣
«ቀዝቅዟል» አለ።
አሞቅኩለት።