ከሥር ማጠጣት

እጅጋየሁ ወደ ፊቼ ተዛውራ ስትሄድ፣
ቁልፉን፣ ማኅተሙን፣ የፋይሉን ገመድ
በሞዴል አስፈርማ አስረከበችኝና፣
በሞዴል ያልሰፈረ አንድ ነገር ቀረና
ተመልሳ ገባች።
መስኮቱ ላይ ያለችውን ማሰሮ ዳበሰች፤
"ቫዮሌት ናት" አለች፣ "አደራ፣ እንዳትረሳት።"

አልረሳናትም እኛ። ምነው በረሳናት!
ዘበኛው ዳምጠው የኮዳውን ትራፊ ያጠጣታል፤
ገንዘብ ያዥዋ መጥታ ትደግማለች፦ "ውይ፣ ጠምቷታል!"
ባለጉዳይ እንኳ፣ ፋይሉ እስኪገኝ
ቆሞ ከሚሰለች፣ ምን ሥራ ያግኝ፣
የሃይላንዱን ቅሪት እላይዋ ይደፋል።
ደግ ሰው ሲበዛ አበባ ይጠፋል።

ኅዳር ገባ። የደብረ ብርሃን ውርጭ
መስኮቱን ሲሥለው ሌሊት ነጭ በነጭ፣
ያ ለስላሳ፣ ፀጉራም፣ የጆሮ ቅርጽ ቅጠል
እንደ ረጠበ ካልሲ ከጠርዙ ሲንጠለጠል፣
ግንዷን ነካ ባረግ በጣቴ ላይ ላሸ፤
አፈሯ ሸተተኝ፣ እንደ ተበላሸ
የጉድጓድ እህል።

ቤት ወሰድኳት ማታ፣ እንደ እንቁላል ይዤ፣
በባጃጅ፣ ከነፋስ በጋቢ ጋርጄ።

ቤትም ሌላ መስኮት፣ ሌላ ዝምታ አለ።
ልጄ ምንተስኖት ትምህርቱን እንደጣለ
መጥቶ፣ ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ ተኝቷል።
አራት ወር ሞልቷል።
እኔም ማታ ማታ ከበሩ ሥር ቆሜ
ምክር እደፋለሁ፤ ያባቴን፣ የራሴን፣ የቄሱን ደግሜ፦
"ወድቆ መነሣት አለ"፣ "የነገሩህን ስማ"፣
"እኩዮችህን እይ" — እስኪደክመኝ አልተውማ።
እሱ "እሺ" ይለኛል።
"እሺ" ብሎ ይተኛል።

ቅዳሜ፣ ወለሉ ላይ ማዳበሪያ ዘረጋሁና
ነቀልኳት፤ ቢላውን በእሳት አሳየሁና
የጠቆረውን ሥር ቆረጥኩ። የቀረው ሦስት ክር፣
ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ሽማግሌ ፀጉር።
ስምንት ቅጠል ጣልኩኝ፣ ሦስት ቀሩ ብቻ፤
ማን ማዳን ይለዋል ይኼን ሁሉ ዘመቻ!
አሸዋ ከበረሳ ዳር፣ የከሰል ዱቄት፣
አንድ እፍኝ ያረጀ ፍግ ከጎረቤት፤
የወተት ጣሳ ቂጡን በሚስማር በሳሁት፣
ተከልኳት፤ አኖርኳት በምሥራቁ መስኮት፣
ፀሐይዋ ደፍራ እንዳትገባ፣
በመጋረጃ አጮልቃ እንድታባባ።

ውሃው ግን? እጄ በልማዱ ጆጉን ሲያነሣ
ተጠራጠርኩና ስልክ መታሁ። ይሄን ሳወሳ፣
ከፊቼ እስከዚህ ድረስ ሳቀች እጅጋየሁ፦
"ከላይ ነው እንዴ የምታጠጣት? ወይ ጉድ አየሁ!
ሳህን ላይ ውሃ አርግና እሷን እዛ አስቀምጥ፤
ራሷ ትጠጣለች። አንተ ሂድ፣ ተቀመጥ።"

ሄጄ ተቀመጥኩ።
በዚያች ማታ ከልጄ ደጃፍ ምክሬን ዋጥኩ።
ሽሮውን በሳህን፣ ክዳን አልብሼ፣
ከበሩ ሥር ትቼ ሄድኩኝ ተመልሼ።
ጠዋት ላይ ሳህኑ ደርቆ አገኘሁ። የቱ?
ሁለቱ።

ታኅሣሥ እንዲህ አለፈ። ጥርም እንደዚያው።
ሦስት ቅጠል። ያው።
አንዷ ደግሞ ወደቀች። ለማንም አልነገርኩ፤
ሁለት መሆናቸውን እያወቅሁ ሦስት ቆጠርኩ።

በየካቲት አንድ ቀን መነጽሬን ሳጸዳ፣
ከመሐሏ ብቅ ብላ አረንጓዴ እንግዳ፣
የአይጥ ጆሮ ታክላለች፣ ፀጉሯ ገና ጤዛ።
ልጮህ ነበር፤ ተውኩት። ደስታም ያሰጥማል ሲበዛ።

ከቧንቧ ቀዳሁና ሳህኑን ልሞላ
ስል፣ ኮቴ ሰማሁ ከኋላ።
ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ ልጄ
ጆጉን ተቀበለኝ ከእጄ፣
ጣቱንም ነከረበት።
"ይቀዘቅዛል እኮ" አለኝ፣ "ሞቅ አርግላት።"

ማንቆርቆሪያውን ጣደ። ቆምን፣ እስኪሞቅ።
ቀለሟን ጠየቀኝ፣ ያበባዋን። አላውቅ።