ሃያ አንድ ዙር ተኩል

ቺሎዌ ደሴት ላይ ሲዘንብ ያድራል፣ ሲዘንብ ይውላል፤
ባሕሩም አያርፍ፣ ከዝናቡ ጋራ ጨው ይልካል።
አባቴ ሩዴሲንዶ የባሕር ሣር ጫኝ ነው፣
ሼቭሮሌቱ ከሱ በሁለት ዓመት ነው የሚያንሰው።
ማዕበሉ ሲሸሽ አሸዋው ላይ ይነዳል፣
ማዕበሉ ሲመለስ ጎማውን አጥቦት ይሄዳል፤
እንዲህ ሠላሳ ዓመት።
በሌላ አገር ከብት ነው ጨው የሚልስ፤
እዚህ ጨው ነው የላሰ ብረት።

በመጋቢት መሪው አመል አወጣ፤
ወደ ግራ ሲሉት ትንሽ ያስባል፣
ወደ ቀኝ ሲሉት ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል።
አባቴ ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው፤
ቋ... ቋ... እንደ ላላ ጥርስ ተሰማው።
“ቴስቲኒው ነው” አለ፣ “የመሪው ቁርጭምጭሚት ነው።”

በክሪክ አነሣነው፣ ጉማጅ ግንድም አስደገፍነው።
ክሪክ ብቻ አምኖ መኪና ሥር የሚተኛ
ወይ ሞኝ ነው፣ ይላል፣ ወይ ከዕዳው የሸሸ መንገደኛ።

ኮፒሊያውን በፒንሳ ሊያቀናው ሞከረ፤
ግማሹ ወጣና ግማሹ እዚያው ቀረ።
ዘይት አጠጣው፣ አሳደረው፣ ደግሞ አጠጣው፤
በሦስተኛው ቀን ዳዶው አቃስቶ ላላለት፣
ቴስቲኒው ግን ከክንዱ ዓይን ንቅንቅ አላለለት።
አናቱን ቢመታው ጥርሱን አበላሸ፤
የጣቱ ቆዳ ተላጠ፣ ቀኑም መሸ።

እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ፦
“ሁለት መዶሻ ነው ይሄ ነገር የሚፈልገው፤
አንዱ ከኋላ ይደግፍ፣ አንዱ ከፊት ይምታው።
ሟቹ አባትህ ያደርግ የነበረው ይሄንኑ ነው።”
“ሁለተኛውን ማን ሊይዝ?” አለ። እኔ መብራት ያዥ ነኝ።
እናቴ መልስ አልሰጠችም፤ በዓይኗ ብቻ ላከችኝ።

አጎቴ ኤልዮዶሮ ከአጥሩ ማዶ ይኖራል፤
ያ አጥር አንድ ክንድ ገፍቷል፣ አልገፋም፣ ተባብለዋል፤
ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት
ሰላምታቸው በውሻ ጩኸት።

መጣ፤ የራሱን መዶሻ ይዞ፣ ቆቡን እንደደፋ፣
ገባ ከመኪናው ሥር ጭቃውን በክርኑ እየገፋ።
ለኔ የሚታየኝ አራት ቦት ጫማ ብቻ፣
የማን የማን እንደሆነ የማይለይ፣ አቻ ላቻ።

አባቴ አናቱን ሊደግም ሲል አጎቴ እጁን ያዘ፤
የዓይኑን ጎን በጣቱ ነካ ነካ አርጎ አዘዘ።
ያኔ ገባኝ፦ የተያዘውን አይደለም፣
የያዘውን ነው የሚመቱት፤ አለዚያ አይለቅም።

አንዱ ደገፈ። አንዱ መታ።
ዝም።
ደግሞ መታ።
በአራተኛው ጧ! አለ፤ ዶሮዎቹ በረሩ፤
ሳቅ ይሁን ሳል፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ ከሥሩ።

የቀረው ከዘንጉ መፍታት ነው፣ ዙሩን እየቆጠሩ፤
አዲሱ በዚያው ልክ ካልገባ ጎማው ያኮርፋል።
አባቴ ቀስ ብሎ ያዞራል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤
አጎቴም ማንም ሳይጠይቀው በልቡ ይቆጥራል።
ወጣ።
“ሃያ አንድ” አለ አባቴ፣ ለኔ።
“ሃያ ሁለት” አለ አጎቴ፣ እሱም ለኔ።
“ሃያ አንድ ነው!”
“የመጀመሪያውን ዘለልከው!”
“ድሮም መጨመር ትወዳለህ፣ ያንተ ያልሆነውን ነው!”
ዝናቡ በአንገቴ ይወርዳል፤ መብራቱን ይዤ አዳምጣለሁ፤
ነፍስ ካወቅሁ ድምፃቸውን አንድ ላይ ገና ዛሬ ሰማሁ።

አዲሱ የገባው በሃያ አንድ ዙር ተኩል ነው፤
እናቴ ናት ከመስኮት ሆና የፈረደችው።

እሑድ ጠዋት ወደ ባሕሩ ስንነዳ
መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ መሪው ግን ዘመም ያለ፣
በጥቂቱ፣ ወደ አጥሩ በኩል ያዘነበለ።
“ካስትሮ ከተማ የሚያስተካክል አለ” አልኩት።
ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ቆይቶ፦
“ደግመን እንፈታዋለን” አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፤
“አጎትሽ መዶሻውን ረስቶ ሄዷል።”