ሰባተኛው ጥያቄ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፌን አከራይቼ፣
በታማሚና በሐኪም መሀል ተጎልቼ፣
የአንዱን ቃል አንስቼ፣ ለአንዱ አስቀምጬ፣
ስንቱን ተሻገርሁት እዚሁ ተቀምጬ።
አሽቀሎን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱን ጨው በልቶት፣
የባሕሩ ነፋስ አሸዋ ደፍቶበት፣
ሁለት ወንበር ለእንግዳ፣ አንድ ወንበር ለእኔ፣
የሰው ምሥጢር ሁሉ የሚያልፈው በጎኔ።

ቅጹ አሥራ ሁለት ጥያቄ ነበረው።
ሁሉንም በቃሌ እንደ ዳዊት ባውቀው፣
ከሁሉም የሚከብድ ሰባተኛው ነው፦
«በዚህ ዓመት ከሰው ጋር ተኝተዋል ወይ?» የሚለው።
ጎረምሳውን ስጠይቅ ድምፄ አይንቀጠቀጥ፤
አንቱ የምለው ሰው ፊቴ ሲቀመጥ፣
ከዘራውን አስደግፎ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ፣
ያ ጥያቄ ጉሮሮዬን አልፎ አያውቅም ወደ ላይ።

ጋሼ አዛናው መጡ። ሰባ አራት ዓመት።
ቀኝ ጎናቸውን አልማዝ ባለጭራ ገርፎት፣
ቀበቷቸው በምስማር ሁለት ቀዳዳ ተጨምሮበት፣
ሳሉም ካምና ክረምት የከረመ፣ የሰነበተ።
«እርጅና ነው» አለ የሰፈሩ ሐኪም፤
«እርጅና ነው» አሉ ልጆቻቸውም፤
እኔም በሆዴ «እርጅና ነው» አልሁኝ።
ሐኪሟ ግን ሰባተኛውን ጠይቂልኝ አለችኝ።

ዞር ብዬ፣ «ጋሼ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» አልሁ።
«ተመስገን፣ ልጄ፣ ደህና እተኛለሁ።»
ወደ እሷ ዞርሁና በዕብራይስጥ «የለም» አልሁ።
ጻፈችው።
በሁለት ቋንቋ ዋሽቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

አምስት ወር አለፈ። ሳንባቸው ከዳቸው፤
እኔ ያፈንሁትን ተናገረው ደማቸው።

ስነግራቸው አላለቀሱም፤
መስኮቱን አዩ እንጂ እኔን አላዩም።
«ደማችንን የደፉት ጊዜ» አሉ ቀስ ብለው፣
«ኢየሩሳሌም ወጥቼ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮኽሁ ነኝ እኮ፣
ይህ በሽታ ስማችን አይደለም ብዬ።
አሁን ለማን ልጩህ?»
ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።
«ጠይቂልኝ እስቲ፤ በዚህ ዕድሜ ስንት ነን?»

ተረጎምሁ። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።
«የምናውቀው የጠየቅነውን ብቻ ነው» አለች፤
«ሽማግሌን ደግሞ የሚጠይቅ የለም።»
ይህን አንድም ቃል ሳልቀንስ አደረስሁ።
የመዝገብ ቤቱ በር ከኋላዬ ገርበብ ብሎ ነበር።
ስንት «የለም» ተኝቷል እዚያ፣ በእኔ አፍ የተጻፈ?
ስንት «ደህና እተኛለሁ»፣ ሰሙ ተይዞ ወርቁ ያለፈ?

«እንግዲያ ትብለጥስ?» አሉ ድንገት።
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በአዛውንቶቹ ቤት፣
ዶሚኖ ስታጭበረብር ነው የያዟት።
እሳቸው ሚስታቸውን ከቀበሩ ስድስት ዓመት፣
እሷ ባሏ ሱዳን፣ ድንኳን ውስጥ፣ የቀረባት።
«ሰው ነን፣ ልጄ» አሉ፤ «ብርዱም ይበርደናል።»
ማን ለማን እንደሰጠ ማን ያውቃል?
እኔም አልጠየቅሁ፤ ያ በቅጹ ላይ የለም።

እሑድ ጠዋት መጡ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው፣
የኩፓት ሆሊሙን ካርድ በመሀረብ ቋጥረው።
ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ እንደ ውሃ ወረደ።
ሐኪሟ ዓይኔን አየች። እኔ ወለሉን።
ከዚያ ቀና ብዬ፣ ሳላለዝብ፣ ሳልሸፍን፦
«እማማ፣ ከወንድ ጋር ይተኛሉ ወይ?»

ታች መንገዱ ላይ የአውቶቡስ ፍሬን አለቀሰ።
የትብለጥ ጣት የመሀረቡን ጫፍ ፈትቶ መለሰ።
ከዚያ ሳቁ፤ ጥርሳቸው የጎደለውን ያህል ሰፊ ሳቅ፦
«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

እዚሁ ነበርሁ፣ እማማ።
እዚሁ ወንበር ላይ።