ከስምንት እስከ ሁለት

ምስር ላይ ቆሜ ነው እሳቱ የጠፋ፤
አንዴ ብልጭ አለ፣ ሰማያዊ ተፋ፣
ከዚያ ጭጭ።
ክብሪት ጫርን፣ ጭጭ።
ሰዓዳ ተንበርክካ ቱቦውን አሸተተች፣
«ሽታውም ሄዷል» ብላ ጉልበቷን አራገፈች።

በማግሥቱ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣
ሦስት መቶ አርባ ድርሃም በቀይ ተጽፎ፤
ስሙ ግን የኛ አይደል፣ የማሪሴል ነበር፣
በሰኔ የወጣች፣ አንድ እግር ካልሲ በቀር
ምንም ያልተወችልን።
«ባለዕዳው ቤቱ ነው» አለ ሰውየው፣ ሳያየን።
አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤
ዳዋስ ምን አለበት፣ ይመታል፣ ይተዋል፤
እኛን ደረሰኝ ላይ ፈርሙ ይሉናል።

«ውሉ በማን ስም ነው?»
ውሉ በኑረዲን፤ ኑረዲን ኮምቦልቻ፣
የእህቱ ሰርግ ላይ፤ ስልኩ ይጠራል ብቻ።
መስኮት ሦስት ላይ «ወደ አምስት ሂዱ» ተባልን፣
አምስት ላይ ወንበር እንጂ ሰው አላገኘን።
«ቡክራ» ማለት ነገ ነው፣ አሉን ያወቁት፤
ነገን እኛ ስንት ጊዜ አነጋናት።

እስከዚያው እንቁላል በውሃ ማፍያ ቀቀልን፣
ሻዩም እንቁላል እንቁላል አለን።
ዘምዘም የኤሌክትሪክ ምድጃ ተውሳ ሰካች፤
ቤቱ ድርግም አለ፣ ኤሲዋም ዝም አለች።
ሻርጃ በነሐሴ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣
ፎጣ እያረጠብን አደርን ወለል ላይ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጣራ ወጣሁ ሌሊት፤
ከባሕሩ ማዶ፣ ከውሃው አናት፣
ጋዝ ይነዳል፣ ትልቅ እሳት፣
ማንም ድስት ያልጣደበት።
እኔ ባደግሁበት ጋዝ ማለት ነጭ ጋዝ ነው፣
ባለሱቁ ከበርሜል በጣሳ የሚቀዳው፤
ውል አይልም፣ ስም አይልም፤ ሳንቲሙን ይቆጥራል፣
«እንዳይፈስሽ» ብሎ ጠርሙሱን በላስቲክ ይወትፋል፣
እጄ እስከ ማግሥቱ ነጭ ጋዝ ይሸታል።

ከፈልን።
ማስያዣ አምስት መቶ፣ ማስቀጠያ መቶ፣
የማሪሴል ዕዳ ከላይ ተጎትቶ።
የወንድሜን መመዝገቢያ ነበር የነካሁት፣
«ደሞዝ ዘገየብኝ» ብዬ ዋሸሁት።

ከዚያ ስልክ ተደወለ፤ ያነሣችው ትርንጎ፣
ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ።
«ከስምንት እስከ ሁለት ይመጣል» አለችን፣
ዐረብኛ ሰምታ ቁጥር በመያዟ ኮርታ።
ፈቃድ ለምነን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት
እስከ ማታ ሁለት በር በሩን ስናይ፣
ሰውየው ለካ ጧት፣
በነሱ ስምንት፣ በኛ ሁለት ሰዓት፣
አንኳኩቶ ሄዷል።
ካርዱን ከምንጣፉ ሥር ያገኘነው ማታ ነው፦
«ሰው አልነበረም። ተጨማሪ ሃምሳ ድርሃም።»
ትርንጎ አለቀሰች። ማንም ምንም አላላት።
ሰዓዳ ብቻ፣
«እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ፣ በዚሁ ሰዓት ጦስ፣
አውሮፕላን አምልጦኛል» አለቻት፤
እውነት ይሁን ፈጠራ እስካሁን አላውቅም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጉልዛር መጣ፣
ዝምተኛ የፔሻዋር ሰው፤
«ቱቦው ዕድሜው አልፏል» ብሎ
ሌላ አርባ አምስት አስቆጠረን።
ከዚያ ብርጭቆ ውስጥ ሳሙና በጠበጠ፣
በብሩሽ መገጣጠሚያውን ቀባ።
ስድስታችንም ጎንበስ ብለን አረፋዋን አየን፣
እንዳታብጥ ብለን፣
ትንፋሻችንን ይዘን።
አላበጠችም።
«ኸላስ» አለ። ክብሪቱን ለትርንጎ ሰጣት።

ሒሳቡን ሰዓዳ በካርቶን ጀርባ ሠራችው፤
ሺህ ሠላሳ አምስት።
በስድስት ስታካፍል ቆየችና ሰረዘችው፣
በአምስት አደረገችው።
ሁለት መቶ ሰባት።
ማንም «ለምን» አላለ። ምስሩ ይንተከተክ ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ትርንጎ፣ ክዳኑን እያነሣች።
«በማን?» አልናት፣ አምስታችንም ባንድ አፍ።
ሳቀች።