በቀን አምስት ብር

ከአጂፕ ዝቅ ብሎ፣ ከቆርቆሮ ጥግ ስር፣
ሸምሱ መጽሐፍ ያከራያል፣ በቀን አምስት ብር።
ሽፋን ለሌለው ሁለት ብር ይቀንሳል፤
ገጽ ለጎደለው ግን «ራስሽ ሙዪው» ይላል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሂርማታ መርካቶ፤
ክረምት ሰው ሲጠፋ፣ ዝናቡ በርትቶ፣
እግሬን ከመርገጫው አንሥቼ አነባለሁ፤
ጨርቅ እንደምለካ፣ መጽሐፍ እለካለሁ።
ጠቦኝ የጣልኩት አለ፣ ሰፍቶኝም የተውኩት፣
ውስጡን ገልብጬ አይቼ ስፌቱን ያደነቅኩት።

የባለፈው ሐምሌ የፍቅር ልቦለድ፣
ልጅቷ ታለቅሳለች ስትቀመጥ፣ ስትሄድ፤
እንባዋን ብሰፍረው አዌቱን ይሞላል፤
ግድ የለም፣ ይሁን አልኩ፣ ሰው ሲወድ ያለቅሳል።
ግን ዐሥራ አራት ዓመት ቢጫ ቀሚሷ ያው፤
አይነትብ፣ አይቀደድ፣ አንድ ቀን አታጥበው፤
ደራሲው የክርኗን ሽንቁር ልብ ካላለው፣
የልቧን ስብራት በምኑ ነው ያየው?

የወንጀሉ መጽሐፍ፣ እሱስ ያስሮጣል፤
መብራት ሄዶ እንኳ በስልኬ ተነቧል፤
ገዳዩ ሊያዝ ሲል፣ በሩ ሲንኳኳ፣
የመጨረሻው ገጽ ተገንጥሏል ለካ!
ሮጬ ወደ ሸምሱ፦ «ማነው ገዳዩ?» ብል፣
«እኔ አከራያለሁ እንጂ መች አነባለሁ» አይል!
ጠበቃው ነው ብዬ ራሴው ፈረድኩበት፤
ኮቱ ሰፍቶት ነበር። በዚያ ነቃሁበት።

በአርባ ቀን ሀብታም አደርጋለሁ ያለው፣
አርባ ቀን ቆየብኝ፤ ሁለት መቶዬን በላው።
ሀብቱስ መጣ፣ መጣ፤ እኔ ቤት ግን አይደለም፤
ሸምሱ ጫማ ገዛ። መጽሐፉ አልዋሸም።

ከክምሩ ግርጌ፣ በአቧራ ተቀብሮ፣
ስለ ንብ እርባታ፣ ከግብርና ቢሮ፣
አንድ ቀጭን አገኘሁ። ቁጥርና ማኅተም።
ፍቅር የሚል ቃል የለው፣ ብትፈልጉት የትም።
ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ እንዲህ ይላል፦
«አውራዋ ስትሞት የቀፎው ድምፅ ይለወጣል።
ጆሮ አስጠግቶ ማዳመጥ ያስፈልጋል።»

እናቴ ባረፈች፣ ሰልስቷ ሲያበቃ፣
የእድሩን ወንበር ጋሪ ሲወስደው በጭቃ፣
ቤቱ አንድ ድምፅ ነበረው፣ ስም ያጣሁለት፣
አምስት ዓመት ሙሉ ለሰው ያልነገርኩት።
በሚያስለቅሱት ሁሉ ዐይኔ ደርቆ ከርሞ፣
በቀፎ አለቀስኩ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ።

የመንገደኛው ግን! ስንቱን አገር ዞሮ፣
ስለ ሐይቅ፣ ስለ ግመል፣ ስለ ጨው ደርድሮ፣
አራት መቶ ገጽ ጽፎ፣ ወደኛ ሲደርስ፣
«ጅማ። ዘነበ። አደርን።» ብሎን እብስ!
ከጎኑ አንድ አንባቢ በሰማያዊ ቀለም
«ውሸታም!» ይለዋል፤ ሌላው «አልዋሸም፤
እኔም ዘንቦብኛል» ብሎ መልሶለታል፤
ሦስተኛው ስልክ ቁጥሩን አስቀምጦበታል።

እርሳሴን ከጆሮዬ አውርጄ ጀመርኩ፤
«ጌታው፣ ትንሽ ቢቆዩ» ብዬ ጻፍኩ፤
«ሲያባራ ጅሬን ላይ ጉሙ ይገለጣል፤
ውሃ የገባው ባጃጅ በሰው ይገፋል፤
ተሳፋሪው ወርዶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣
ገፊው እየሳቀ፣ ሹፌሩ ተሳድቦ፤
እንቁራሪት ማታ በአዌቱ ዳር ዳር…
ያን ቀን ኮትዎ ቢቀደድ፣ ሱቄ ክፍት ነበር…»
ኅዳጉ አለቀብኝ፤ ቃሉ ግን አላለቀ፤
ወደ ግመሉ ገጽ ተሻገረ፣ ዘለቀ።

መጽሐፉን መለስኩት። ሸምሱ ገልጦ አየው፤
የማያነበው ሰው፣ ገጽ ለገጽ ዳሰሰው፤
ምንም አላለኝም።
በማግስቱ ለመጣ አንድ ተማሪ ግን ሲነግረው ሰማሁት፦
«ይህኛው ስድስት ብር ነው። ጽሑፍ ተጨምሮበታል።»